ሆደ ቡቡ ሰው መምራት አይችልም? አንድ ጥያቄና 34 ምላሾች

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። መነሻዬ አንድ ስብሰባ ነው። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለክፍል ኃላፊነት ሦስት ሰዎች ታጩ። አንዷ አብራኝ የምትሠራ ሴት ናት። ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች። ሰው ሲታመም ደውላ የምትጠይቅ እሷ ናት። አዲስ ገቢ ሲደነባበር ወንበሯን ስባ አጠገቡ የምትቀመጥም እሷው ናት። በስብሰባው ላይ ስሟ ሲነሳ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሆደ ቡቡ እንደሆነች፣ ለአመራር ጨከን ያለ ሰው እንደሚያስፈልግ ተናገረ። የተቀሩት ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱ ተገለጠና ወደሚቀጥለው ስም ተሻገርን።

ነገሩ ሲከነክነኝ ዋለ። ማታ በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ጻፍኩ። ርኅራኄን እንደ ድክመት የምንቆጥረው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። የእኔ አቋም ተቃራኒው ነው። የሰውን ስቃይ እያዩ ፊትን ሳያዞሩ መቆም አቅም ይጠይቃል። ፊት ማዞርማ ማንም ይችላል። የሚስማማም የማይስማማም ይጻፍ አልኩ።

በሳምንቱ 34 ምላሽ ደረሰኝ። ክሩን፣ ማለትም የምላሾቹን ሰንሰለት፣ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ በየቁጥሩ ልተርክላችሁ። አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፈዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ።

ምላሽ 1 እና 2። ሁለቱም ተስማሙ፣ አመሰገኑ፣ መልካሙን ተመኙ። ክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር። ምንም ግን አልማርም ነበር።

ምላሽ 3። ጸሐፊዋ ሥነ ልቦና ያጠናች ናት። አዘኔታንና ርኅራኄን እያቀላቀልኩ መጻፌን በትሕትና አረመችኝ። ከንፈር መጦ ማለፍም አዘኔታ ነው። ርኅራኄ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ስቃይን ማስተዋል፣ ከዚያ ስቃዩን ለማቅለል መነሳት። ይህን አከፋፈል ያገኘችው ከእንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ከፖል ጊልበርት ነው። በርኅራኄ ላይ ያተኮረውን የሥነ ልቦና ሕክምና የጀመረው እሱ ነው። ጊልበርት የርኅራኄ እምብርት ድፍረት ነው ይላል። የሚያስፈራውን ቀርቦ ማየት አለና። ሳያስተውል የሚነሳ ሰው ጣልቃ ገብ ይሆናል ብላ ጨመረች። ይህችን ያላሰብኳት ነበረች።

ምላሽ 4። ለስላሳው ንግግር እዚህ ላይ አበቃ። የጻፉት ለ20 ዓመት ሰው የመሩ አንጋፋ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። በእሳቸው ልምድ ለሠራተኛ ፊት ከሰጡት ይጋልባል። አንድ ቀሪ የሚያበዛ ሠራተኛ አንጀታቸውን በላቸውና ለወራት ዝም አሉት። ሥራው ግን ቆሞ አልጠበቀም። ሰዓት አክብረው በሚገቡት ላይ ተጫነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ከታታሪዎቹ አንዷ መልቀቂያ አስገብታ ሄደች። ለአንዱ የራሩ መስሏቸው በአምስቱ ጨከኑ። ስለዚህ ገምጋሚው ልክ ነው ብለው ደመደሙ። መደምደሚያቸውን አልተቀበልኩትም። ታሪኩን ግን አመንኩት፤ እኔም አይቼዋለሁ።

ምላሽ 5። አንዲት ሲስተር ከሆስፒታል ጻፈች። ሥራ የጀመረች ሰሞን እያንዳንዱን በሽተኛ በልቧ ይዛ ወደ ቤት ትገባ ነበር። እህል አይወርድላትም፣ እንቅልፍ የለም። ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየች። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማ አላት። ሰው ሲያለቅስ እያየች ሰዓቷን ትመለከት ጀመር። ርኅራኄ አቅም ከሆነ እኔን ለምን ጨረሰኝ ስትል ጠየቀች። በዚህ ክር ውስጥ ከተጠየቁት ሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 6። የምላሽ 3 ጸሐፊ ተመለሰችና ለሲስተሯ ረዘም አድርጋ መለሰች። የጨረሰሽ ርኅራኄ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው አለቻት። የሌላውን ሕመም እንደ ራስ ሕመም መታመም አንድ ነገር ነው። ለታመመው መልካም እየተመኙ ለመርዳት መዘጋጀት ሌላ ነገር ነው። ታንያ ሲንገርና ኦልጋ ክሊሜኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት ሞክረውታል። ሰዎች ሲሰቃዩ የሚያሳይ ቪዲዮ እያሳዩ የተመልካቾቹን አንጎል ኤምአርአይ በሚባለው የምስል ማንሻ መሣሪያ ተከታተሉ። መጀመሪያ ተሳታፊዎቹ የሌላውን ስቃይ እንዲጋሩ ሠለጠኑ። ክፉ ስሜታቸው ጨመረ። ቀጥሎ ርኅራኄን ሠለጠኑ። ያው ዓይነት ቪዲዮ እየታየ ክፉው ስሜት ቀነሰ፣ በጎው ጨመረ። አንጎል ውስጥ የሚነሳሳው ክፍልም የተለየ ሆነ።

በዚሁ ምላሽ የማቲዩ ሪካርን ነገር አነሳች። ሪካር በፈረንሳይ የሞለኪውል ጄኔቲክስ ተምሮ በኋላ የቡድሂስት መነኩሴ የሆነ ሰው ነው። ሲንገር ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝታው የሰውን ስቃይ ብቻ እንዲጋራ ጠየቀችው። ያን ሁሉ ዓመት በጥሞና የኖረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ዛለ። ከዚያ ወደ ርኅራኄ እንዲሻገር ፈቀደችለት። ስቃዩን ማየቱን አላቆመም። ከተሰቃዩት ጋር ለመሆን ግን ጉልበት አገኘ። እኔ ይህን ሳነብ ያቺ የሥራ ባልደረባዬ ትዝ አለችኝ። ሰው ሲያለቅስባት አብራ አታለቅስም። ዝም ብላ ትሰማለች፣ ከዚያ ምን እናድርግ ትላለች።

ምላሽ 7። በአንድ መስመር፣ የአንጎል ፎቶ ለማንም ሥነ ምግባር አያስተምርም የሚል ነው። ልክ ነው። ሲስተሯ የጠየቀችው ግን ለምን ዛልኩ ብላ ነበር። እሷ መልስ አግኝታለች።

ምላሽ 8። ሲስተሯ ራሷ። የተለወጠችው ምርምር አንብባ እንዳልሆነ ነገረችን። አንዲት አንጋፋ ነርስ አስተማረቻት። በሽተኛው ክፍል ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ለዚህ ሰው አሁን ምን ላድርግለት ብላ ራሷን ትጠይቃለች። ትራስ ማስተካከል ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ለምን እንደዘገየ መንገርም ሊሆን ይችላል። ማድረግ የምትችለውን አድርጋ ትወጣለች። አሁን አሥራ አንደኛ ዓመቷ ነው። ይህን ምላሽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ምላሽ 9። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ብርቱው። ጸሐፊው ርኅራኄ ለጎረቤት ይበጃል፣ ለሕዝብ አስተዳደር ግን አይሆንም ባይ ነው። ማስረጃው ጥሩ ነው። ስሞል፣ ሎዌንስታይንና ስሎቪክ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጥናት ሰዎች ለአንዲት የተራበች ልጅ የሚሰጡት ስለ ሚሊዮኖች ረሃብ ቁጥር ሲነገራቸው ከሚሰጡት እንደሚበልጥ አሳይቷል። ይባስ ብሎ የልጅቷ ታሪክና ቁጥሩ አንድ ላይ ሲቀርብ ልገሳው ልጅቷ ብቻዋን ከቀረበችበት አነሰ። ልባችን አንድ ፊት ያያል፣ ብዙ ፊት ሲሆን ይደነዝዛል። በጀት እንዲህ ባለ ልብ ከተከፋፈለ ፎቶው ያማረለት ይጠግባል፣ ሌላው ይራባል።

ወዲያው መልስ አላገኘሁም። ያገኘሁት በማግስቱ ነው፤ ክሩ ውስጥ ስላልጻፍኩት እዚህ ልጻፈው። የሥነ ልቦና ሊቁ ፖል ብሉም እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በሰፊው የተከራከረው ይህንኑ ነው። እሱም ቢሆን የሚቃወመው የሌላውን ስሜት መጋራት ዋና መሪያችን እንዲሆን ነው። በምትኩ የሚፈልገው ከማሰብ ጋር የተጋባ ርኅራኄ ነው። ቁጥሩን አስልቶ ለማይታየው ሰው የሚሟገት ሰው ለምን ይሟገታል? የማይታየው ሰው ስቃይ ግድ ስለሚለው ነው። ስሌት መንገዱን ያሳየዋል እንጂ ከወንበሩ አያስነሳውም።

ምላሽ 10፣ 11 እና 12። ክሩ ወደ ፊደል ዞረ። አንዱ ርኅራኄ የሚለው ቃል በኀ መጻፍ አለበት ብሎ ተቆጣ። ሌላው በሀ ቢጻፍ ማን ይጎዳል አለ። ሦስተኛዋ ራራ ከሚለው ግስ ተነስታ ዘሩን ልትቆጥር ሞከረች። እኔ በኀ የምጽፈው ልጅ ሆኜ እንዲያ ስለተማርኩ ነው።

ምላሽ 13። ወደ ቁም ነገሩ የመለሰን ይህ ነው። ጸሐፊው በእንግሊዝ የሚድ ስታፎርድሺርን ሆስፒታል ታሪክ አመጣ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 በነበረው ጊዜ በሽተኞች ውኃ የሚያቀብላቸው አጥተው ከአበባ ማስቀመጫ እንደጠጡ ተነግሯል። በሽንት በራሰ አንሶላ ላይ ለሰዓታት ተኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሮበርት ፍራንሲስ የምርመራ ሪፖርት 290 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። አስተዳደሩ ዓይኑን የገንዘብ ሚዛንና የተቀመጡ ግቦች ላይ ተክሎ እንደነበር፣ ሠራተኛም ተቀንሶ እንደነበር ተገለጠ። የጸሐፊው ነጥብ ግልጽ ነው። ርኅራኄ ከአንድ ተቋም ሲጠፋ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ጌጥ አይደለም።

ምላሽ 14። አንጋፋው ሥራ አስኪያጅ ተመለሱ። ይህ የቁጥጥር ጉድለት ነው፣ ልብ ምን አገባው አሉ። ጠንካራ አለቃ ቢኖር ውኃው በሰዓቱ ይቀርብ ነበር።

ምላሽ 15። አንዱ በቁጣ የሰውዬውን ዕድሜና ሠራተኞቻቸውን እያነሳ ዘለፋቸው። ስለ ርኅራኄ እየተከራከሩ ሰውን ማዋረድ አሳዘነኝ። ምላሽ 16ን አወያዩ አጠፋው። ምን እንደነበረበት አላየሁም።

ምላሽ 17። ስለ ደቡብ አፍሪካ። ማንዴላ ከ27 ዓመት እስር ወጥተው በቀልን አለመምረጣቸው፣ በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተመራው የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ገዳዮችን ይቅር ማለቱ ርኅራኄ አገር እንደሚያቆም ያሳያል ሲል ጻፈ።

ምላሽ 18። ይህን ያረመችው ሴት ሕግ የምታውቅ ናት። ኮሚሽኑ ሁሉንም ይቅር አላለም። ምሕረት የሚፈልግ ሰው የሠራውን አንድ በአንድ መናዘዝ ነበረበት፤ ድርጊቱም ፖለቲካዊ ዓላማ የነበረው መሆን አለበት። ከ7,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ። የተፈቀደላቸው 849 ናቸው። አብዛኛው ተከልክሏል። ሌላም ነገር አስታወሰችን። እ.ኤ.አ. በ1977 በፖሊስ እጅ የሞተው የፀረ አፓርታይድ ታጋዩ የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብ ምሕረቱን ተቃውሞ እስከ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቷል። በ1996 ተረታ። እነሱ የፈለጉት ፍርድ ነበር። ርኅራኄን በሌላ ሰው ቁስል ላይ ማወጅ ቀላል ነው አለች። ለተበዳዩ ማን ራራለት ብላ ጠየቀች። ይህ ምላሽ ጽሑፌን አርሞታል። ተበዳዩን የዘነጋ ምሕረት ግማሽ ጎኑ የጎደለ ነው።

ምላሽ 19። የኒውዚላንዷ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን። እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች 51 ሰዎች ተገደሉ። ሴትየዋ ሻሽ አስረው ሐዘንተኞችን አቀፉ። የገዳዩን ስም አልጠራም አሉ። ጸሐፊው በተለይ ያነሳው ቀጥሎ የመጣውን ነው። ወር ሳይሞላ ወታደራዊ ዓይነት ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያዎችን የሚከለክል ሕግ በ119 ለ1 ድምፅ ጸደቀ። ያቀፈው እጅና ሕጉን ወደፊት የገፋው እጅ አንድ ነው አለ። እኔ ልለው ፈልጌ ያልቻልኩትን አለልኝ።

ምላሽ 20 እኚሁ ሴትዮ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አቅሜ ተሟጧል ብለው ሥልጣን መልቀቃቸውን አነሳና ይኸው ተብሎ ነበር አለ። ምላሽ 21 ደግሞ አቅሙ ሲያልቅ አልቋል ብሎ የወረደ መሪ ስንት አይተሃል ብሎ መለሰለት። ክርክሩ እዚያው ቆመ።

ምላሽ 22። አንድ ተማሪ ለራስ መራራትስ ብሎ ጠየቀ። ፈተና ሲወድቅ ራሱን ይሰድባል። ሰነፍ እንዳይሆን ይረዳኛል ብሎ ያምናል። ምላሽ 23 በአጭሩ ቀጠለለት፤ ለራሱ የራራ ተማሪ ሁለተኛም ይወድቃል አለ። ምላሽ 24 ሁለቱንም አረመ። ብሬይንስና ቼን እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ ፈትነዋል። ተማሪዎች ከባድ የቃላት ፈተና ወሰዱ። ከውጤቱ በኋላ ስህተታቸውን በርኅራኄ እንዲያዩ የተደረጉት ለቀጣዩ ፈተና ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ አጠኑ። ምክንያቱ አይከብድም። የሚሰድበው ድምፅ ስህተቱን መልሶ ማየት ያስፈራዋል። ያላየውን ደግሞ አያርመውም። ጊልበርትም ሕክምናውን የጀመረው ከዚህ ተነስቶ ነው። ታካሚዎቹ ምክንያታዊ ሐሳብ ለራሳቸው መንገር ይችሉ ነበር። የሚነግሩበት የውስጥ ድምፅ ግን የቁጣ ነበር።

ምላሽ 25። ይህ ምላሽ ባይጻፍ ክሩን እዚህ አልተርክላችሁም ነበር። ጀሮም ሞቶ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ የአእምሮ ሐኪም ነበር። በድባቴ ወይም ራስን በማጥፋት ሐሳብ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ክትትል ያልፈለጉ 843 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ወገን በአምስት ዓመት ውስጥ 24 አጫጭር ደብዳቤዎች ተላኩ። ምክር የለባቸውም። ቀጠሮም አይጠይቁም። እኛ ዘንድ ከነበሩ ቆይተዋል፣ ደህና እንደሆኑ ተስፋ እናደርጋለን፣ መጻፍ ከፈለጉ ደስ ይለናል የሚል መንፈስ ብቻ ነው ያላቸው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት በግልጽ ያነሱ ሆኑ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታተመ።

እስቲ አስቡት። ሁለት መስመር። ምንም የማይጠይቅ። ሆደ ቡቡነት የምንለው ነገር በሥርዓት ተደራጅቶ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ለአምስት ዓመት ሳይታክት ሲሠራ ይህን ያህል ይደርሳል።

ምላሽ 26። አንድ ሰው በክፉ ጊዜው የቀድሞ መምህሩ በየወሩ አጭር መልእክት ይልክለት እንደነበር ጻፈ። አንዱንም አልመለሰም። ሁሉንም ግን አስቀምጧል። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ምላሽ 27 እና 28 ስለ እንስሳት ናቸው። ለውሻው የሚራራ ሰው ለሰው ይራራል ወይ በሚለው ሁለት ሰዎች ተከራክረው ሳይስማሙ ሄዱ።

ምላሽ 29። ጸሐፊው የዳርሊንና የባትሰንን እ.ኤ.አ. የ1973 ጥናት አነሳ። በፕሪንስተን 40 የሥነ መለኮት ተማሪዎች ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ተላኩ። ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። መንገድ ላይ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ተቆራምዶ ያስላል፣ ያቃስታል። የንግግሩ ርዕስ ብዙም ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያመጣው ጥድፊያ ነው። ጊዜ ከነበራቸው 63 ከመቶ ረዱ። በጣም ከተቻኮሉት 10 ከመቶ ብቻ። ከዚያ ጥያቄውን ወደ እኔ አዞረው። ያ ስብሰባ ስንት ሰዓት ላይ ነበር? አንተስ እዚያ ተቀምጠህ ምን አልክ? ከ28ቱ ምላሾች አንዱም ይህን አልጠየቀኝም ነበር።

ምላሽ 30 የእኔ ነው። ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ ነበር ብዬ ጻፍኩ። ሁላችንም ቦርሳችንን አንግተናል። ምንም አላልኩም። ራሴን የነቀነቅኩ ይመስለኛል።

ምላሽ 31። አንጋፋው ሥራ አስኪያጅ። ስለ ልስላሴ ያላቸውን አቋም እንዳልለወጡ ገለጹ። ያ ገምጋሚ ግን ያመነበትን በግልጽ ተናግሯል፣ አንተ ያመንክበትን ለማታውቀው ሰው ነው የተናገርከው አሉኝ። አመመኝ፤ እውነት ስለሆነ መልስ አልሰጠሁም። ምላሽ 32 ላይ ሲስተሯ ተቆጣቻቸው፤ ሰው ጥፋቱን ሲያምን መምታት ምን ይባላል አለች። ምላሽ 33 አጭር ነው። ሂድና ለልጅቷ ንገራት ይላል።

ማክሰኞ ነገርኳት። የተባለውን ታውቅ ኖሯል። ዝም ማለቴን ግን አታውቅም ነበር። ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቀችኝ። ስለ ጥድፊያው ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለች። ተቀይማኝ እንደሆነ ፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። ከዚያ አሁን ለእኔ የነገርከኝን ለኮሚቴው በጽሑፍ፣ ስምህን አስፍረህ አቅርበው አለችኝ። ድምፅዋ አልከረረም፤ የጠየቀችውም አልቀነሰም። አምስት ዓመት ስትሠራ ያየሁትን፣ ማንን እንዴት እንዳሠለጠነች፣ አንድ ጊዜም በዘመድ ሳታዳላ ቅጣት እንደጻፈች ዘርዝሬ ዓርብ አስገባሁ።

ምላሽ 34 ኮሚቴው ምን አለ ብሎ ይጠይቃል። እስካሁን አልመለሰም።